የተማሪዎችን ስም ዝርዝር በኮምፒዩተር ስለ መደርደር

የክፍል ስም መጥሪያ በፊደል ተራ፣ የፈተና ሮስተር ደግሞ በውጤት ደረጃ ይዘጋጃል። ሁለቱንም ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በአንድ መስመር ትእዛዝ መደርደር ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚፈጽመው የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን ባለመሆኑ፣ የመደርደሪያው መለኪያ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጉዳቱ በተማሪው ላይ ይወድቃል።

ለምሳሌ ያህል «ኃይሉ»፣ «ነጋሽ»፣ «ለማ»፣ «ሀይሉ» እና «ተስፋዬ» የሚሉ ስሞች ቢሰጡት፣ ፓይተን «ሀይሉ»ን ከሁሉም አስቀድሞ «ኃይሉ»ን ከ«ተስፋዬ» በታች ያኖረዋል። ፓይተን የሚያነጻጽረው እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ያለውን ቁጥር ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ሠንጠረዥ ሲገባ ተራው የቆየውን የ«ሀ ሁ» ገበታ ተከትሏል፤ በገበታውም «ኀ» ከ«ተ» በኋላ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። የአንዱ ልጅ ስም በመዝገቡ በ«ሀ»፣ በሮስተሩ በ«ኃ» ተጽፎ ሲገኝ ግን ውጤቱን የሚፈልገው መምህር ከላይ ፈልጎ ያጣዋል፤ ሌላ ተማሪ መስሎትም እንደ አዲስ ሊመዘግበው ይችላል።

መፍትሔው የልጁን ስም ማረም አይደለም፤ አጻጻፉ የባለቤቱ ነውና። ፓይተን «ኪ» ለሚባል የማነጻጸሪያ መለኪያ ቦታ ይሰጣል። በዚህ ቦታ «ሃ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን እና «ኃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ»፣ ከነርባታቸው የሚመልስ ደንብ ቢገባለት፣ ሁለቱ ኃይሉዎች ከ«ለማ» በፊት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ስማቸው የሚታተመው ግን እንደ ተጻፈ ነው።

በውጤት ሲደረደር ሌላ ችግር ይመጣል። ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ከተነበበ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር 100 ከ85 በፊት፣ 9 ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ይቀመጣል። ከዚህ የሚብሰው ውጤቱን ከስሙ ነጥሎ ለብቻው መደርደር ነው፤ ያኔ የአንዱ ድካም ለሌላው ይሰጣል፣ ሮስተሩም ሲታይ እንከን የለሽ ይመስላል። ስለሆነም ስምና ውጤት እንደ አንድ ጥንድ ተይዘው መደርደር ይኖርባቸዋል። ፓይተን እኩል ውጤት ያላቸውን ቀድሞ በነበራቸው ተራ ስለሚተዋቸው፣ በመጀመሪያ በስም ቀጥሎም በውጤት ቢደረደሩ እኩል ነጥብ ያገኙት በፊደል ተራ ይቀመጣሉ።

«ሶርት» የተባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ራሱን ይለውጠዋል፤ «ሶርትድ» ግን ዋናውን ሳይነካ አዲስ ዝርዝር ያወጣል። የመጀመሪያው ምዝገባ ለማመሳከሪያ ስለሚፈለግ ለሮስተር የሚሻለው ሁለተኛው ነው።