ስለ ቴቬቲያ ዛፍ አተካከልና አጠባበቅ

ዛፍን መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጠባዩን ሳያውቁ መትከል ጉዳት ያመጣል። ቴቬቲያ የተባለው ዛፍ የመጀመሪያ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ስለ አበባው ውበት ወደ ብዙ ሙቅ አገሮች ተወስዶ ተተክሏል። ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም ነው፤ አበባው ቢጫ ሆኖ እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ ነው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ያወጣል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ፍሬው በስሎ ሲጠቁር በውስጡ ያለውን ዘር አውጥቶ መዝራት፥ ወይም ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ይቻላል። ፀሐይ የሚያገኘውንና ውሃ የማይቋጥረውን ስፍራ ይወዳል። እስኪጸድቅ ድረስ ውሃ ማጠጣት ያሻል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ድርቅን ይችላል።

ይሁን እንጂ የዛፉ ሁለንተና መርዝ ነው፤ ይልቁንም ዘሩ የልብን አመታት አውኮ ይገድላል። ስለዚህ በተማሪ ቤት ግቢና በከብት መዋያ ሊተከል አይገባም። ልጆች ቅርንጫፉን ለመፋቂያ እንዳይቆርጡ፥ በፍሬውም እንዳይጫወቱ ማስተማር የመምህር ግዴታ ነው። ዛፉን የሚገርዝ ሰው እጁንና ቢላዋውን በሳሙና ይጠብ። ዘሩን የቀመሰ ልጅ ቢገኝ፥ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠብቁ፥ ከፍሬው ጥቂት ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

በተማሪ ቤት ግቢ አስቀድሞ ተተክሎ ቢገኝ፥ ሽማግሎች ከመምህሩ ጋር ተማክረው ይንቀሉት፤ የወደቀውንም ፍሬ ለቅመው ከጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ በስፍራውም ጉዳት የሌለበትን ዛፍ ይተኩበት።