ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሕፃናትና ቤተሰቦቻቸው፦ አገልግሎቱን የትና እንዴት ማግኘት ይቻላል?

መግቢያ

በሕክምና ትምህርት ቤት ሳለን የበሽታን ስም መለየትና መድኃኒት ማዘዝን በሰፊው እንማራለን። ፈውስ የሌለውን ችግር ለወላጅ ከነገርን በኋላ ቤተሰቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን የምንማረው እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ክፍተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ፣ አንዲት እናት አንገቱን በወጉ መያዝ ያልቻለ የአሥር ወር ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ እንደተወለደ ወዲያው አላለቀሰም ነበር። ችግሩ ሴሬብራል ፓልሲ መሆኑንና በአንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚያድን መድኃኒት አለመኖሩን ነገርኳቸው። የተናገርኩት ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ንግግሬን እዚያ ላይ ማቆሜ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁን በሳንባ ምች ታሞ በተኛበት ክፍል አገኘሁት። ጉልበቶቹና ዳሌዎቹ ታጥፈው ደርቀዋል፤ ክብደቱም ከዕድሜው በታች ሆኗል። ለምን ሳይመለሱ እንደቀሩ እናቱን ብጠይቃቸው፣ «ዶክተር፣ እርስዎ መድኃኒት የለውም አሉኝ፤ ታዲያ ወዴት ልሂድ?» አሉኝ። የአንጎሉ ጉዳት ከመጀመሪያው የነበረ ነው። የመገጣጠሚያዎቹ መድረቅና የምግብ እጥረቱ ግን በአብዛኛው በድጋፍ እጦት የመጡ ነበሩ።

ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሕፃናት እነማን ናቸው?

በአካል፣ በአእምሮ፣ በስሜት ሕዋሳት ወይም በባሕርይ ዕድገታቸው ምክንያት ከእኩዮቻቸው የበለጠ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ አገልግሎት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ናቸው። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ የመስማትና የማየት ጉዳት እንዲሁም የሚጥል በሽታ በዋነኛነት ይጠቀሳሉ። መንስኤያቸው እርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት አይደለም።

መቼ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል?

• በ4 ወሩ አንገቱን ካልያዘ፣
• በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣
• በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዘወር ካላለ፣
• በ18 ወሩ ካልተራመደ ወይም ትርጉም ያለው አንድ ቃል ካልተናገረ፣
• በየትኛውም ዕድሜ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ።

«ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» እያሉ መጠበቅ ውድ ጊዜ ያባክናል። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል የመስማት ችግር ወይም የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ያለባቸው ይገኛሉ፤ ሁለቱም ቀደም ብለው ከታወቁ ሊረዱ የሚችሉ ናቸው። የዳውን ሲንድሮም ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር ስለሚኖራቸው የልብ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

በአገራችን ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ተቋም ማግኘት አዳጋች ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከቅርቡ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መፈለግ ይኖርበታል።

1. ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ፣ በጓዳ የተደበቀን ልጅ ለማግኘት ከማንም ይቀርባሉ። ጤና ጣቢያው ክትባትና የክብደት ክትትል ያደርጋል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል፤ የሪፈራል ወረቀትም ይጽፋል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የታቀፈ ቤተሰብ ያለ ሪፈራል ወደ ሆስፒታል ከሄደ ወጪውን ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ስለሚችል ወረቀቱን መያዝ አይዘንጋ።

2. ሆስፒታል፦ ወላጆች የሚፈልጉትን አገልግሎት በስሙ ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል፤ የሕፃናት ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የመስማት ምርመራ፣ የዓይን ምርመራ፣ የሕፃናት አእምሮ ጤና። በአዲስ አበባ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች በሕፃናት አእምሮ ጤና አገልግሎታቸው ይታወቃሉ።

3. ማኅበራትና ማዕከላት፦ ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 በወ/ሮ ዘሚ የኑስ ተመሥርቷል። መሥራቿ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚሁ ዘርፍ ይሠራል። ለአካል ጉዳት፣ መናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ተሐድሶ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሕፃናትን ሲረዳ ቆይቷል። ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት ፍቅር ኢትዮጵያ ብሔራዊ ማኅበር፣ ለዳውን ሲንድሮም ደግሞ ዲቦራ ፋውንዴሽን ይጠቀሳሉ። በማዕከላቱ ያለው ቦታ ከፈላጊው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ቢሆንም ተራ ይዞ መመዝገብና እስከዚያው ለወላጆች የሚሰጥ ምክር ወይም ሥልጠና መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

4. ትምህርት ቤት፦ በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ክፍሎችና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚያገለግሉ የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ይገኛሉ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበል የሚያውቀው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋን በሕፃንነቱ ቢጀምር ቋንቋ አልባ ሆኖ ከማደግ ይድናል።

5. የወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፦ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ጥያቄ እንዲሁም የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በሚሠራባቸው አካባቢዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚጠየቀው እዚህ ነው። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

6. ጎረቤትና ዕድር፦ ከሁሉ የሚቀርበው፣ ብዙ ጊዜም በኀፍረት የሚዘለለው ይህ ነው። ልጁን ለሁለት ሰዓት የሚጠብቅ ጎረቤት ያላት እናት ቀጠሮዋን አታስተጓጉልም። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሁለትና ሦስት እናቶች በወር አንድ ጊዜ ቡና ቢጠጡ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ከማንኛውም ማስታወቂያ ፈጥነው ይለዋወጣሉ።

ተራ እስኪደርስ በቤት ምን ይደረግ?

ወረፋ መጠበቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ለመዋጥ የሚቸገር ልጅ ተጋድሞ ሳይሆን ቀና ብሎ፣ ጭንቅላቱ ተደግፎ፣ በትንሽ በትንሹ ሊመገብ ይገባል፤ ተጋድሞ መመገብ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። እጆቹና እግሮቹ ባለሙያ ባሳየው መንገድ በየዕለቱ ይፍታቱ። የማይናገርን ልጅም ማናገር፣ በዓይኑ ትይዩ ሆኖ ማጫወት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችንና 3 የቤት ጉብኝቶችን የያዘ ሲሆን፣ በአገራችንም ተሞክሯል። ሥልጠናው ስፔሻሊስት ባልሆኑ ባለሙያዎች እንዲሰጥ ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑ፣ ወላጅ በአግባቡ ከተደገፈ ልጁን ብዙ ሊረዳ እንደሚችል ያመለክታል።

ልጃቸውን ወደ ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ሊያቋርጡ አይገባም። በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

የልጁ የሰነድ አቃፊ

በየቢሮው የሚባክነውን ጊዜ ለመቀነስ የሚከተሉት በአንድ አቃፊ ይያዙ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የጤና መድኅን ደብተር፣ የሕክምና ማስረጃና የሪፈራል ወረቀቶች ከነቅጂያቸው፣ እንዲሁም የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር። ዋናው ሰነድ ለማንም አይሰጥ፤ ቅጂው ይሰጥ።

ለሙያ ባልደረቦች

የምርመራ ውጤት ስንነግር ከቤተሰቡ ጋር ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ሊሄዱ ይገባል፤ የችግሩ ስም በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ፣ ቀጥሎ የሚሄዱበት ቦታና የክፍሉ ስም፣ እንዲሁም ወደ እኛ የሚመለሱበት ቀን። እያንዳንዱ ክፍል በአካባቢው ያሉትን አገልግሎቶች በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍና በየስድስት ወሩ ቢያድሰው ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። እናትየውንም «እርስዎስ እንዴት ነዎት? እንቅልፍ ያገኛሉ?» ብሎ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የጠቀስኩት ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ፊዚዮቴራፒ ጀመረ፤ የእናቱ ዕድርም ለትራንስፖርት አገዛቸው። ዛሬም አይራመድም፤ የደረቁት መገጣጠሚያዎቹም ሙሉ በሙሉ አልተፈቱም። ነገር ግን በመቀመጫ ተደግፎ ከቤተሰቡ ጋር በማዕድ ይቀርባል፤ ከዚያ ወዲህም በሳንባ ምች አልተኛም። ይህ ሁሉ በአሥር ወሩ ሊጀመር ይችል ነበር። ፈውስ የለውም ማለት እርዳታ የለውም ማለት አይደለም። ወላጆች ይህን ከእኛ አፍ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከሚሄዱበት አድራሻ ጋር ሊሰሙት ይገባል።