ሄልሜቱ ፎቶ ላይ ይታያል፤ ጫማውስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጅምር ሕንፃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቁ አጠገባችሁ ካለው የአንዱ በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ቁሙ። አብዛኞቻችን እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ ወደ ላይ አንጋጠን ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ ነው የምንቆጥረው። እናንተ ግን ለዛሬ ወደ ታች እዩ። የሚገቡትን ሰዎች እግር ተመልከቱ።

ኢንጂነሩ ደንበኛ ሴፍቲ ጫማ አድርጓል። ፎርማኑም ብዙ ጊዜ አለው። ግንበኛው ያረጀ ስኒከር ነው ያደረገው። አሸዋ የምታመላልሰው ልጅ ኮንጎ ጫማ፣ ፌሮ የሚሸከመው ልጅ ደግሞ ነጠላ ጫማ። ከባድ ዕቃ የሚሸከሙት፣ ምስማር በተበተነበት የሚራመዱት፣ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ የሚቆሙት ግን እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው። ጫማው የሚከተለው አደጋውን ሳይሆን የሥራ መደቡን ነው ማለት ነው።

ሄልሜት ላይ ነገሩ ሻል ይላል። ሄልሜት ከሩቅ ይታያል፤ እንግዳ ሲመጣ ይታደላል፤ ፎቶ ላይም ያምራል። ማስተካከያው ስላለ ለማንም ራስ ይሆናል፤ ማታ ተሰብስቦ ጠዋት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ጫማ እንዲህ አይደለም። ጫማ ቁጥር አለው። አንድ ሰው ካደረገው የዚያ ሰው ነው። ለቀን ሠራተኛ ጫማ መግዛት ማለት በሌላ አነጋገር «ነገም ትመጣለህ፤ የእኛ ሠራተኛ ነህ» ማለት ነው። ብዙ አሠሪዎችን የሚከብዳቸው የጫማው ዋጋ ብቻ አይመስለኝም። ይህን ቃል መስጠቱም ነው።

«ፎርማኑ ረድቶኛል»

አንድ ጓደኛዬ 12ኛ ክፍል እንደጨረሰ ለክረምት ብሎ አንድ ሳይት ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ከኮንክሪት ላይ የተፈታ ጣውላ ሲሰበስብ ሽቅብ የቆመ ምስማር ረገጠ። ምስማሩ የስኒከሩን ሶል አልፎ እግሩ ውስጥ ገባ።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም። የባጃጅ፣ የካርድና የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ከኪሱ ከፈለለት። «አይዞህ፣ ሲሻልህ ና» አለው። ቁስሉ መግል ይዞ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ተኛ። የእነዚያን ቀናት የከፈለው ማንም የለም። ሲመለስ ቦታውን ሌላ ልጅ ይዞታል። ያም ልጅ ያደረገው ስኒከር ነው።

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «ፎርማኑ ረድቶኛል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሰውዬው ረድቶታል። ነገር ግን በእርዳታ መልክ ያገኘው ሕክምና በሕግ የሚገባው ነበር። ሳይከፈለው የቀረው የሦስት ሳምንት ደመወዝም እንዲሁ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ያ ምስማር የማይበሳው ጫማ ይገባው ነበር።

አዋጁ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንቀጽ 92 ላይ የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ፣ ልብስና ሌሎች ቁሳቁሶች ማቅረብና ስለ አጠቃቀማቸውም ማስረዳት አለበት። «ቢችል» ወይም «በጀት ካለው» የሚል ነገር የለውም።

ቀጣዩ አንቀጽ 93 ደግሞ ወደ ሠራተኛው ይዞራል። የተሰጠህን መከላከያ በአግባቡ ተጠቀም ይላል። ስለዚህ ጫማው ተሰጥቶህ «ይሞቃል፣ ይከብዳል» ብለህ ቤት ጥለኸው ብትመጣ አንተም ሕግ እየጣስክ ነው።

አሁን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ይመጣል። በአንቀጽ 96 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ጥፋት ነበረበት ብለህ የማስረዳት ግዴታ የለብህም። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትም በዚሁ ውስጥ ተጠቅሰዋል።

ይህን ከአሠሪው ወንበር ሆናችሁ አስቡት። ጫማ ያልሰጠ፣ መመሪያ ያላወጣ አሠሪ ሠራተኛው ሲጎዳ «መመሪያዬን ጥሷል» ማለት አይችልም፤ የተጣሰ መመሪያ የለማ! ጫማውን በፊርማ ያስረከበ፣ «ያለዚህ ሳይት መግባት ክልክል ነው» ብሎ በጽሑፍ ያሳወቀና በር ላይ የሚቆጣጠር ግን የሚከራከርበት ነገር አለው። የጫማ ፖሊሲ የሠራተኛውን ጣት ብቻ ሳይሆን የአሠሪውንም ኪስ ይጠብቃል።

ኪሱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በሥራ ላይ ጉዳት ምክንያት ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አዋጁ እስከ 12 ወር ድረስ ክፍያ ይፈቅዳል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ሌላ ነው። አንድ ጥንድ ጫማ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡትና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

«እኔ እኮ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል የለኝም» የሚል ይኖራል። አዋጁ የሥራ ውል የተለየ ፎርም ሊኖረው ያስፈልጋል አይልም፤ በቃልም ውል ውል ነው። ወረቀት ባለመኖሩም ሠራተኛው በአዋጁ ያሉትን መብቶች አያጣም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ማን ይክፈል?

በብዙ ቦታ የሚሰማው ነገር «ጫማውን እንሰጥሃለን፣ ከደመወዝህ ይቆረጣል» ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ጫማህን ይዘህ ና» ብሎ ይቀጥራል።

ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 21 አጭር ናት፤ የደህንነትና ጤንነት እርምጃዎች በሠራተኛው ላይ ምንም ወጪ ሊያስከትሉ አይገባም ትላለች። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን ከደመወዝ መቁረጥን እንደ ዘበት አይፈቅድም። ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የራስህ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡት።

ይህ ነገር በሁሉም አገር አንድ አይደለም። አሜሪካ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። እዚያ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪው አብዛኛውን የመከላከያ ዕቃ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ተራውን ባለ ብረት ጣት ጫማ ግን ሠራተኛው ከሥራ ውጭም እንዲያደርገው እስከተፈቀደለት ድረስ አሠሪው እንዲከፍል አያስገድድም። «ቤትህም ታደርገዋለህ፣ ያንተ ነው» ነው ነገሩ። አሜሪካ ቁጥር 155ን አላጸደቀችም። በወረቀት ላይ በዚህ ጉዳይ የእኛ ይሻላል ማለት ነው። የሚቀረን ወረቀቱ እግር ጋ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

«ሴፍቲ» የተባለ ሁሉ ሴፍቲ አይደለም

ጫማ ተገዛ እንበል። ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይሶ 20345 ይባላል። በዚህ ደረጃ የተሠራ ጫማ የጣቱ ቆብ የ200 ጁል ምት መቋቋም አለበት፤ 20 ኪሎ ያህል ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበት እንደማለት ነው።

የጓደኛዬን ጉዳት ግን አስታውሱ። ምስማሩ የመጣው ከታች ነው። የብረት ጣት ብቻ ያለው ጫማ አያድነውም ነበር። ለምስማር የሚያስፈልገው ሶሉ ውስጥ የማይበሳ ንጣፍ ያለው ነው። ጫማው ላይ ወይም ምላሱ ላይ የተጻፈውን እዩ፤ «ኤስ1» ከሆነ ይህ ንጣፍ ግዴታው አይደለም፣ «ኤስ1ፒ» ወይም «ኤስ3» ከሆነ አለው። «ኤስ3» በተጨማሪ ላይኛው ክፍሉ ውኃ ቶሎ አያስገባም። ኮንክሪት ሲሞላ ውስጡ ለሚቆም ሰው ግን እሱም አይበቃውም፣ ረጅም የላስቲክ ቦት ያስፈልገዋል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ሥራው ሲለወጥ ጫማውም ይለወጣል። ለሆቴል ማብድያ ቤት የማያንሸራትት ሶል ከብረት ጣት ይበልጣል። አበባ እርሻ ላይ መድኃኒት ለሚረጭ ሰው ላስቲክ ቦት ያስፈልገዋል፣ ሱሪው ደግሞ ከቦቱ ውጭ መውረድ አለበት፤ ቦቱ ውስጥ ከተከተተ ፍሳሹ ተንሸራቶ እግር ላይ ይጠራቀማል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሶል ይፈልጋል።

ቁጥሩም አለ። ለሴቶች «ትንሹ ያለን 41 ነው» ብሎ ካልሲ ደራርቦ ማስደረግ መከላከያ አይባልም። እግር ውስጡ የሚዋኝበት ጫማ ራሱ ያደናቅፋል። ርካሽ የቆየ ዕቃ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። የብዙ ሴፍቲ ጫማዎች ሶል የሚሠራበት ፖሊዩረቴን የሚባለው ነገር ሳይደረግ ለዓመታት ከተቀመጠ ውስጥ ውስጡን ይበላሽና አንድ ቀን በድንገት እንደ ዳቦ ይፈረፈራል።

ጥሩ ፖሊሲ ረጅም አይደለም

አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ሥራ የትኛውን ጫማ እንደሚፈልግ፣ የቀን ሠራተኛውና የንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛ እንደሚጨመሩ፣ ወጪው የአሠሪው እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በፊት በልክ እንደሚሰጥ፣ ሲያልቅ ማን በስንት ጊዜ እንደሚቀይር። «በዓመት አንድ ጊዜ» የሚለው የተለመደ አሠራር ጫማው በአምስተኛው ወር ሲቀደድ ምን እንደሚደረግ ካልተናገረ ግማሽ ፖሊሲ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ጫማ ማደል ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እናንተስ? በዚህ ክረምት ሳይት፣ ፋብሪካ ወይም መጋዘን የምትገቡ ካላችሁ ከደመወዙ ቀጥሎ «ጫማ ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። ስልካችሁን ደግሞ ለማስረጃ ተጠቀሙበት፤ የሥራ ቦታውን፣ ያደረጋችሁትን ጫማና የተከፈላችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ የፎርማኑን ሜሴጅ አታጥፉ። ብትጎዱ «እዚህ ሠርቼ አላውቅም» የሚል ክርክር ሲመጣ መልሱ እዚያው ነው። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ጉዳዩን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ማስገባት ይችላል። ከሌለም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ያሉት በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች ነውና አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬን ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ መሆኑን ነገርኩት። ሳቀ። «ያኔ ጫማ ብጠይቅ ያባርሩኝ ነበር» አለ። ሊሆን ይችላል። ግን ሳይጠይቅም ቦታውን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቀው።