ካሸነፈ በኋላ የሚወድቅ ፈረስ

በ2024 እ.ኤ.አ. የጃፓን የፈረስ እሽቅድምድም ማኅበር በኒጋታ ሜዳ የሐምሌ መጨረሻና የነሐሴ መግቢያ ውድድሮችን ለሁለት ከፈላቸው። ጠዋት ይጋለባል፣ ቀትሩ ይዘለላል፣ የቀረው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይቀጥላል። በመሐሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ሜዳው ባዶ ነው። ለተመልካች አይጥምም፤ ግን የተደረገው ለተመልካች ሳይሆን ለፈረሶቹ ሲባል ነው።

የእሽቅድምድም ፈረስ 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሽምጥ ሲጋልብ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ጉልበት ለእንቅስቃሴ የሚውለው ሩብ ያህሉ እንኳ አይሆንም፤ የተረፈው ሙቀት ነው። ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ የነበረው የሰውነቱ ሙቀት በአንድ ሁለት ደቂቃ ሩጫ ከ41 ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያስወጣበት ቆዳ ደግሞ ከግዝፈቱ አንጻር ሲታይ ከእኛ ያነሰ ነው። እንደ ውሻ አፉን ከፍቶ እንዳያለከልክ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ተስፋው ላቡ ላይ ነው። በታፋዎቹ መካከልና ልጓሙ በሚያሽበት አንገቱ ላይ የሚታየው ነጭ አረፋ በላቡ ውስጥ ካለ ላተሪን ከተባለ ፕሮቲን የሚመጣ ነው፤ ላቡ በጠጉሩ ላይ እንዲሰራጭና ቶሎ እንዲተን ይረዳዋል። ወበቅ ሲሆን ግን አየሩ ራሱ በርጥበት የጠገበ ስለሆነ ላቡ አይተንም። መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ፈረሱ ውሃና ጨው ይከስራል እንጂ አይቀዘቅዝም።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይህ ሙቀት የሚያስከትለው ሕመም የሚመጣበትን ሰዓት ነው። ፈረሱ መስመሩን አልፎ፣ ጆኪው ወርዶ፣ ኮርቻው ከተነሣ በኋላ ነው ጉዱ የሚጀምረው። ሩጫው ሲቆም ሲገሰግስ ያገኘው የነበረው ነፋስ ይቀራል፤ በጡንቻው የታመቀው ሙቀት ግን ወደ ደሙ መፍሰሱን ስለማያቆም የሰውነቱ ሙቀት ለደቂቃዎች ጭማሪ ያሳያል። መጀመሪያ ራሱን ይወዘውዛል፣ ይነጫነጫል፣ መሬቱን በእግሩ ይመታል። ከዚያ በኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ያለ ምክንያት ይራገጣል፤ የባሰበት ይወድቃል። የአውስትራሊያ ሐኪሞች ይህን ሂደት በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ ለእኔ ግን ዋናው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ያንን የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን ልጓም የያዘው ባልደራስ ነው። ፈረሱን ስለሚያውቀው «ዛሬ ጠባዩ ተለወጠ» ብሎ የሚጠራጠረው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ ብዙ፣ ቶሎ፣ ሳይቋረጥ። የሞቀ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ጡንቻው ይታሰራል የሚል እምነት ለረጅም ዘመን ባልደራሶችን ሲያስፈራ ኖሯል። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የተወዳደሩ ፈረሶች በሙቀቱ መቸገራቸው ስላሳሰበ፣ ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ በፊት ተመራማሪዎች ጉዳዩን ፈተሹት። የተፈራው ጉዳት አልታየም፤ ፈረሶቹ ቀዘቀዙ። ሌላው ልማድ ውሃውን አፍስሶ ወዲያው በመጥረጊያ ማራገፍ ነው። ጃፓኖች ፈረሶችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጠው የማቀዝቀዣ መንገዶችን ሲያወዳድሩ፣ አሸናፊ የሆነው ሳይቋረጥ በሻወር የሚወርድ ተራ የቧንቧ ውሃ ነው። በየመሐሉ ተደፍቶ ከሚራገፍ ቀዝቃዛ ውሃም ከማራገቢያም በልጧል። ለበረዶ ወጪ ከማውጣት የውሃ ጎማ ማብዛት ይሻላል ማለት ነው፤ ይህን የሰማ የጋጣ ባለቤት ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል።

ፈረሱ አእምሮውን ስቶ ከተራገጠ ግን ጎማ ይዞ መጠጋትም አደጋ አለው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የማረጋጊያ መርፌ ይወጋዋል፤ ውሃ የሚያፈስሰው ሰው ከኋላ እግሮቹ ርቆ በትከሻው በኩል ይቆማል፤ የፊንጢጣ ሙቀቱም በየጥቂት ደቂቃው ይለካል። ቴርሞሜትሩ ወደ 39 መውረዱን ሳያሳይ ጎማውን የሚዘጋ የለም።