የእጅ ቦምብ ቀለም ለማን ይናገራል?

ቀለም በቋንቋችን ብዙ ትርጉም አለው። ተማሪ የሚቆጥረው ፊደል ቀለም ይባላል፤ ጸሐፊ ብዕሩን የሚነክርበትም፥ ሠዓሊ የሚቀባውም ቀለም ነው። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ወታደር የሚያነበው ቀለም አለ፤ ይኸውም በእጅ ቦምብ ላይ የሚቀባው ነው። ይህ ቀለም ለጌጥ የተቀባ ሳይሆን መልእክት ነው። መልእክቱ ግን በየአገሩና በየዘመኑ ሲለዋወጥ ስለ ኖረ፥ ከጦርነት በኋላ ቦምቡን ሜዳ ላይ ወድቆ ለሚያገኘው ሰው ከመጥቀም ይልቅ ያሳስተዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ በምሳሌ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ቦምብ ለምን እንደሚቀባ እንመልከት። አንደኛው ምክንያት ዝገት ነው። አብዛኛው የእጅ ቦምብ ከብረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በመጋዘንና በምሽግ ለወራት ሲቀመጥ እርጥበት እንዳይበላው ይቀባል። ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። ወታደሩ በጥድፊያ ውስጥ ሆኖ የሚፈነዳውን፥ ጢስ የሚያወጣውንና ለመለማመጃ የተሠራውን እንዳያደባልቅ ቀለሙ ይለይለታል። ሦስተኛው ከጠላት ዓይን መሰወር ነው። እንግዲህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምክንያት እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ማስታወቂያ ጎልቶ መታየትን ይፈልጋል፤ መሰወር ደግሞ አለመታየትን። በጦርነት ጊዜ ከታዩት የቀለም ለውጦች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ አለመስማማት ነው።

ለዚህ ዋናው ምስክር የአሜሪካ ቦምብ ነው። ማርክ 2 የተባለው የእጅ ቦምብ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ደማቅ ቢጫ ይቀባ ነበር። ቢጫ በአሜሪካኖች ደንብ «ኃይለኛ ፈንጂ አለበት» ማለት ነበርና፥ በሰላም ጊዜ ለመጋዘን ሠራተኛ ምቹ ነበር። አሜሪካ በ1934 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ግን፥ ቢጫ ቦምብ በወገቡ አንጠልጥሎ በጫካ የሚሸምቅ ወታደር ራሱን ለጠላት ማሳየቱ ታወቀ። ስለዚህ በ1935 ዓ.ም. ገደማ አካሉ እንደ ወይራ ቅጠል ደብዛዛ አረንጓዴ ሆነና ከቢጫው በአንገቱ ዙሪያ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረለት። ማስታወቂያው አልጠፋም፤ አነሰ እንጂ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ደርሰው የአሜሪካ መሣሪያ በታጠቁ ጊዜ የቢጫው ዘመን አልፎ ነበር።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ሚልስ የሚባለው ቦምባቸው የወጣው በ1907 ዓ.ም. ሲሆን፥ በኋላ ለሜሶጶታምያ ሙቀት ተብሎ የተሠራው ዓይነት እርጥበት እንዳያስገባ በሼላክ ሙጫ ይቀባ ነበር። በላይኛው ጫፉ ዙሪያ የሚደረገው ቀይ ምልክት «ተሞልቷል» ማለት ነው። በወገቡ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ መስመር ደግሞ የፈንጂውን ዓይነት ይናገራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አረንጓዴው አማቶል የተባለውን ፈንጂ ያመለክት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ያው አረንጓዴ ባራቶል የተባለውን ያመለክት ጀመር። እዚህ ላይ ምልክቱ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር ታሪክ ስንመጣ የምናገኘው የኢጣልያን ቀይ ቦምብ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ሠራዊቷ «ሞዴል 35» የሚባሉ ሦስት ዓይነት ትንንሽ የእጅ ቦምቦችን መቀበል ጀምሮ ነበር። ቁጥሩ የአውሮፓን ዓመት ያመለክታል። የሠሯቸውም ብሬዳ፥ ኦቶና ኤስ አር ሲ ኤም የተባሉ ድርጅቶች ነበሩ። ሽፋናቸው ስስ አሉሚንየም ሲሆን ቀለማቸው ቀይ ነበር። የሚፈነዱትም ጊዜ ቆጥረው ሳይሆን መሬት ሲመቱ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሲወድቁ ሳይፈነዱ ይቀራሉ፤ ከዚያም የነካቸውን ሰው ይገድላሉ። የእንግሊዝ ወታደሮች በሰሜን አፍሪካ «ቀይ ሰይጣን» ብለው የሰየሟቸው በቀለማቸውና በዚሁ ጠባያቸው ምክንያት ነው።

ጀርመኖች ደግሞ ቀለምን ለሌላ ጉዳይ አዋሉት። የእንቁላል ቅርጽ ባለው ቦምባቸው ላይ ቀለሙ የሚነግረው ስለ ጊዜ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ክዳን ሰማያዊ ከሆነ ከተሳበ በኋላ 4 ሰኮንድ ተኩል ያህል ይቆያል፤ ቀይ ከሆነ ግን 1 ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው።

አሁን እነዚህን ጎን ለጎን እናስተያያቸው። ሰማያዊ በአሜሪካኖች ዘንድ የመለማመጃ ቦምብ ምልክት ነው፤ በጀርመኖች ዘንድ ግን ገዳይ ቦምብ ነው። ቀይ ለእንግሊዙ «ተሞልቷል»፥ ለኢጣልያኑ የቦምቡ መላ አካል፥ ለጀርመኑ ደግሞ «ፈጥኖ ይፈነዳል» ነው። ስለዚህ የአንዱን አገር ደንብ የተማረ ሰው የሌላውን አገር ቦምብ በዚያው ደንብ ቢያነብ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲያውም ምንም ያልተማረው ሰው ፈርቶ ስለሚርቅ የተሻለ ዕድል አለው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ እንዳይመስለን፥ ማንቡክን እንውሰድ። ማንቡክ በመተከል የዳንጉር ወረዳ ከተማ ናት፤ የበላያ ተራራም በዚያው በኩል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጎጃም የገቡት በበላያ በኩል ነበር፤ በእንግሊዛዊው በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦርም በዚሁ መንገድ አልፏል። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን ደግሞ ከኮንጎ የመጣው የቤልጅግ ጦር አሶሳን ከኢጣልያኖች እጅ አስለቀቀ። ዛሬ አንድ ክልል በሆነው አገር ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልዩ ልዩ ደንብ ያላቸው ሠራዊቶች ተላለፉበት ማለት ነው። ሠራዊቱ ሲያልፍ ደንቡን የያዘው መጽሐፍ አብሮ ይሄዳል፤ የወደቀው ቦምብ ግን ይቀራል።

የቀረውም ቦምብ ቀለሙን ይዞ አይቆይም። ዝናብ ያጥበዋል፥ ፀሐይ ያነጣዋል፥ የሰደድ እሳት ይልጠዋል። የብረቱ ቦምብ ዝጎ ድንጋይ ይመስላል። አሉሚንየሙ ግን እንደ ብረት ስለማይዝግ፥ ቀይ ቀለሙ ሲለቅ የተጣለ ቆርቆሮ ይመስላል። ይህንን አንሥቶ የሚጫወትበት ሕፃን ወይም እረኛ ነው። ነገሩ የድሮ ብቻ አለመሆኑን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገው የሰሜኑ ጦርነት አይተናል፤ ውጊያው ካበቃ በኋላም በየማሳው በቀሩ ፈንጂዎች ሕፃናት ሞተዋል፥ አካላቸውም ጎድሏል።

ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ይህን ለታናናሾቻችንና ለጎረቤት ልጆች እንንገራቸው፦ ቀለሙ ቀይም ይሁን አረንጓዴ፥ ቀለም ባይኖረውም፥ የማያውቁትን ብረት አለመንካት፤ በድንጋይ አለመምታት፤ እሳት ውስጥ አለመጣል፤ ቦታውን ከሩቅ ለይቶ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ መናገር። የቦምብ ቀለም የተጻፈው ቦምቡን ለሠራው ሠራዊት ነው። ለእረኛው የሚናገርለት እኛው ካልሆንን ሌላ የለም።