ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስለ መቀነስ

ውሻ የገበሬውን ከብት ከጅብ፣ የከተማውን ቤት ከሌባ የሚጠብቅ ረዳት መሆኑ የታወቀ ነው። ባለቤት አጥቶ በየመንገዱ ሲንከራተት ግን የእብድ ውሻ በሽታን ለሰውና ለከብት ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚፈራ በብዙ ከተሞች በመርዝና በጥይት ሲገደል ኖሯል።

ይሁን እንጂ መግደል ብቻውን ቁጥሩን አይቀንስም። የምግብ ትራፊ በየሜዳው እስከ ተጣለ ድረስ በሞቱት ምትክ ከሌላ ሰፈር ሌሎች ይገባሉ፤ ለተረፉትም ምግቡ ስለሚበዛላቸው ቡችሎቻቸው በብዛት ያድጋሉ። የተከተበው ውሻ ካልተከተበው ጋር አብሮ ስለሚገደልም በሽታው መንገድ ያገኛል።

በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ አንድ የእንስሳት መርጃ ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ ጀመረ። ውሾቹን እየያዘ፣ እንስቶቹን እንዳይወልዱ በቀዶ ሕክምና እያመከነና እየከተበ ወደ ተያዙበት ሥፍራ መለሳቸው። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ከእንስቶቹ 65 በመቶ ያህሉ ይህ ሲደረግላቸው፣ የመንገድ ውሾች ቁጥር በ28 በመቶ ቀነሰ፤ ሥራው በተካሄደበትም ክልል በዚህ በሽታ የሚያዝ ሰው ጠፋ። የሕንድ መንግሥትም በ2001 እ.ኤ.አ. በግድያ ፈንታ ይህንኑ ዘዴ በደንብ አጸና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይገታል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች ቆሻሻን በወቅቱ ማንሳትና የእንስሳት ሐኪሞችን ማሰማራት፣ ባለቤትም ሁሉ ውሻውን ማስከተብና የማያሳድገውን ቡችላ በመንገድ አለመጣል ይገባቸዋል።