ሜዳይ ያለ ባለቤቱ ምን ይናገራል?

ሜዳይና የወታደር መለዮ ጌጥ መሰብሰብ ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። ቴምብር የሚሰበስበውን ሰው የሚያከብረው ተማሪ እንኳ የዛገ የቆብ ዓርማ በእጁ ይዞ የሚያገላብጠውን ጓደኛውን ሲያይ ፈገግ ይላል። እኛ በበኩላችን ነገሩ ከታሪክ ትምህርት የሚቈጠር ነው እንላለን። ከመካከላችን ካራ የሚኖሩ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከካራ እስከ ኮተቤ በየቤቱ እየተጋበዝን ከጡረተኛ ወታደሮችና ከልጆቻቸው ጋር ስንነጋገር የተረዳነውን ለአንባብያን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

በመጀመሪያ ኒሻንና ሜዳይ አንድ አይደሉም። ኒሻን ደረጃ ያለው የክብር ምልክት ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሜዳይ ግን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዘመቻ ወይም ለአንድ የተለየ ሥራ የሚሰጥ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ለአርበኞች አንድ፣ ለስደተኞች ሌላ ሜዳይ ተሰጠ። ከዚህ ብቻ እንኳ ያ ዘመን በዱር የታገለውንና በስደት የቈየውን ለይቶ ይመለከት እንደ ነበር መረዳት ይቻላል። ሰብሳቢ የሚባለውም እንዲህ ያለውን ልዩነት ማንበብ የሚችል ሰው ነው።

ለእኛ ሰፈር ይበልጥ የሚቀርበው የቃኘው ነገር ነው። የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ተጓዘ። እስከ ሐምሌ 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ድረስም ሦስት ሻለቆች እየተፈራረቁ ተዋጉ። ከ120 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አንድም ሰው አልተማረከም። ከተመለሱት ብዙዎቹ በየካ ሰፈሩ፤ ኮሪያ ሰፈር የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የአንድ ዘማች የልብስ ሣጥን ተከፍቶ ቢታይ ምን ይገኛል? የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ አገልግሎት ሜዳይ አንዱ ነው። ክብ ነሐስ ነው፤ በፊቱ የድርጅቱ ዓርማ አለ፤ ጥብጣቡም ሰማያዊና ነጭ መስመር ነው። ይህ ሜዳይ ለየአገሩ ሠራዊት በየቋንቋው ስለ ተሠራ ለእኛ ሰዎች የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈበት ነው። በዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች የአማርኛውን አጥብቀው የሚፈልጉትም ከብዙዎቹ አገሮች ይልቅ በቍጥር ጥቂት ስለሆነ ነው። ከዚሁ ጋር በቀይ ክብ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የገጠሙበት የትከሻ ምልክት ሊገኝ ይችላል። ይህ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ቃኘው ከዚህ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ስለ ተዋጋ በኢትዮጵያዊ ቤት መገኘቱ አያስደንቅም።

ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ብዙ ይናገራል። በብዙ የኢትዮጵያ ሜዳዮች ጀርባ ላይ የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ የሴቫጅያን ስም ተመትቶ ይገኛል። ቀኑን መለየትም ያስፈልጋል። የኮሪያ መንግሥት ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ ለዘማቾች የሰጠው የሰላም አምባሳደር ሜዳይ አለ። በአንድ ደረት ላይ ከጦር ሜዳው ሜዳይ ጋር ተሰልፎ ስላየነው ብቻ ሁለቱን የአንድ ዘመን አድርገን ብንጽፍ ታሪክ እናበላሻለን።

ይህን የማንበብ ዘዴ የውጭ አገር ምሳሌ ያጠናክረዋል። በስድስት ኪሎ በየቀኑ የምናልፈውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ማርሻል ቲቶም በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. አገራችንን ጐብኝተዋል። የዩጎዝላቪያ ሽምቅ ተዋጊዎች ገና በጦርነት ላይ ሳሉ በነሐሴ 1935 ዓ.ም. የራሳቸውን ኒሻኖች አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ በሞስኮ ስለ ተሠሩ ከኋላ በብሎን የሚታሰሩና ቍጥር የተመታባቸው ናቸው፤ በአገር ውስጥ የተሠሩት ግን በመርፌ ቍልፍ ወደ መያያዝ ዞሩ። በመንግሥቱ ዓርማ ላይ የነበሩት ችቦዎች አምስት ነበሩ፤ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ ስድስት ሆኑ። ስለዚህ ዓርማው ያለበትን ጌጥ ያገኘ ተማሪ ችቦዎቹን መቍጠሩ ዘመኑን ለመገመት ሊረዳው ይችላል። ያ መንግሥት ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ፈራርሶ ጠፋ፤ ሜዳዮቹ ግን በየገበያው ይሸጣሉ። መንግሥት ሲያልፍ ሜዳዩ ይቀራል፤ ክብሩን የሚመሰክርለት ግን ያጣል።

በእኛም አገር ከዚህ የራቀ ነገር አልሆነም። ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ስለ ገባበት የክፍሉን ምልክት ማሳየት የሚያስፈራበት ጊዜ መጣ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለ ተወዳጀ በደቡቡ ወገን የተዋጋ ሰው ውለታው ተረሳ። ሜዳዩን የደበቀም የሸጠም ነበረ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ90 ዓመት አልፏል። የልጅ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ የማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ተሰጠ ሳያውቅ በብረት ዋጋ ሊሸጠው ይችላል።

ስለዚህ ጥቂት ደንብ አውጥተናል። መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ዕቃው አይደለም፤ ስለ ሰውየው ነው። ስም፣ የጦር ክፍል፣ የዘመተበት ዓመት፣ ሜዳዩን የተቀበለበት ቦታ ይጻፋል። ቀጥሎ ፊቱም ጀርባውም ፎቶግራፍ ይነሣል። ሜዳይ በአመድም በሎሚም አይወለወልም፤ የተመታው ጽሑፍ ይደመሰሳልና። ጥብጣቡ ቢያልቅም አይጣልም። የምስክር ወረቀት ካለ ከሜዳዩ አይለይም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ይከለክላልና ለእንግዳ አሳልፎ መስጠትም አይገባም።

እንግዛውን? በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር አለ። ገሚሶቻችን «ካልገዛን ይቀልጣል» ይላሉ፤ ገሚሶቻችን «ገዢ ከተገኘ ሻጭ ይበዛል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አለው። የተስማማንበት ግን ይህ ነው፦ ቤተሰቡ እንዲያስቀምጠው መጀመሪያ እንመክራለን፤ ሊሸጥ ከቈረጠ ደግሞ ታሪኩ ሳይጻፍ ሜዳዩ ከቤቱ እንዳይወጣ እንለምናለን። ሜዳይ በብር ሊገኝ ይችላል፤ ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ግን ቃላቸውን የሚሸጥልን ሱቅ የለም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው በዓል ወደ ቤትህ ስትሄድ አያትህን ስለ ሣጥኑ ጠይቃቸው፤ ደብተርና እርሳስ መያዝም አትርሳ።